ካርታው ላይ ያለችው ጋንደር ማን ናት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ስበር ወንበሩ ላይ ባለው ስክሪን ካርታ ላይ ውቅያኖሱ አልቆ መሬቱ ሊጀምር ሲል "ጋንደር" የሚል ስም አየሁ፣ ስመለስም እዛው አለ። ቤት ገብቼ ሳጣራ ሕዝቧ አስር ሺህ ገደማ የሆነ የካናዳ ከተማ ሆና አገኘኋት፣ ግን ኤርፖርቷ ትላልቅ አውሮፕላኖች የሚያርፉበት ነው አሉኝ። ለዚች ለምታክል ከተማ ይሄን የሚያህል ኤርፖርት ማን ሰራላት? ለምንስ? ታሪኩን ብትነግረኝ ደስ ይለኛል።
ካርታ ወዳጇ ነኝ

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ ስለጠየቅሽኝ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ምክንያቱም ከኤርፖርት ታሪኮች ሁሉ እኔ በጣም የምወደው የጋንደርን ነው። ነገሩ የጀመረው ከተማዋ ሳትኖር ነው። መጀመሪያ ኤርፖርቱ መጣ፣ ከተማዋ ከሱ በኋላ ነው የበቀለችው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።)

ጋንደር ያለችው ኒውፋውንድላንድ የሚባል ደሴት ላይ ነው፣ ከሰሜን አሜሪካ ወደ አውሮፓ በጣም ተጠግቶ ያለ መሬት ነው። በ1919 አልኮክና ብራውን የተባሉት እንግሊዞች አትላንቲክን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያርፉ ሲያቋርጡ የተነሱትም ከዚሁ ደሴት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፣ ከለንደን ኒውዮርክ 5,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያኔ ሰው ጭኖ ይሄን በአንድ ታንከር ነዳጅ የሚጨርስ አውሮፕላን አልነበረም፣ ከአየርላንድ ኒውፋውንድላንድ ግን 3,200 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ደሴቱን ያስተዳድሩ የነበሩት እንግሊዞች (ኒውፋውንድላንድ ያኔ የካናዳ አካል አልነበረችም፣ የገባችው በ1949 ነው) በ1935 ቦታ መረጡ። ባህር ዳርቻው ጉም አያጣውም፣ ስለዚህ ወደ ውስጥ ገቡና ከጋንደር ሐይቅ በላይ ያለውን ደልዳላ መሬት ያዙ። ጫካ ነው፣ ሰው የለም፣ ያለው የባቡር ሐዲድ ብቻ ነው፣ ቦታውንም የሚያውቁት በሐዲዱ ማይል ቁጥር ነበር፣ 213ኛው ማይል።

ሥራው በ1936 ተጀመረ፣ ዛፍ መቁረጥ፣ ረግረግ ማድረቅ፣ አስፋልት ማንጠፍ። ጥር 11 ቀን 1938 የመጀመሪያዋ አውሮፕላን አረፈች፣ ፎክስ ሞዝ የምትባል ትንሽዬ ነገር ናት። አራት የአስፋልት ማኮብኮቢያ ነበረው፣ በዛን ጊዜ በዓለም ላይ ከነበሩት ትልልቅ ኤርፖርቶች አንዱ ማለት ነው፣ ግን የሚያርፍበት የለም! መንገደኛ ይዘው አትላንቲክን የሚያቋርጡት ውሃ ላይ የሚያርፉት ጀልባ መሰል አውሮፕላኖች ነበሩ፣ እነሱ ደግሞ አቅራቢያዋ ካለችው ከቦትዉድ ወደብ ነው የሚነሱት።

ባዶነቱ ብዙም አልቆየ፣ ጦርነቱ መጣ። እንግሊዝ ከአሜሪካ የምትገዛቸው ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በመርከብ ነበር የሚሻገሩት፣ መርከቦቹን ደግሞ የጀርመን ሰርጓጆች ያሰምጧቸዋል፣ ሲቀናቸውም ጉዞው ሳምንታት ይፈጃል። ታዲያ ለምን ራሳቸው በርረው አይሄዱም ተባለ፣ በክረምት አትላንቲክን መሻገር ያኔ ሞትን እንደመፈለግ ነው የሚታየው። ኅዳር 10 ቀን 1940 ማታ ዶናልድ ቤኔት የሚባለው አውስትራሊያዊ ፓይለት መሪ ሆኖ ሃድሰን የሚባሉ ሰባት ቦምብ ጣዮች ከጋንደር ተነሱ፣ በማግስቱ ሰባቱም ሰሜን አየርላንድ ገቡ። ከዛ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች በዚሁ በኩል አለፉ። ያልደረሱም አሉ፣ ኢንሱሊንን ካገኙት ሰዎች አንዱ የሆነው ዶክተር ፍሬደሪክ ባንቲንግ የሞተው በየካቲት 1941 ከጋንደር ተነስቶ ወደ እንግሊዝ ሲሄድ የተሳፈረበት ሃድሰን ወድቆ ነው።

ጦርነቱ ሲያልቅ አየር መንገዶቹ መጡ፣ የጋንደር ወርቃማ ዘመን የምለው ይሄ ነው። የዛን ጊዜዎቹ አውሮፕላኖች፣ ዲሲ-4 እና ኮንስተሌሽን፣ ባለ ፕሮፔለር ናቸው፣ በተለይ ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ነፋሱ ከፊት ስለሚመታቸው ነዳጃቸው አይበቃም፣ ስለዚህ ያለው ሀብታም፣ የሌለው ስደተኛ፣ የፊልም ተዋናይ፣ የሀገር መሪ፣ ሁሉም በእኩለ ሌሊት ጋንደር ወርዶ እግሩን ያፍታታል። "የዓለም መስቀለኛ መንገድ" ይሏት ነበር። ሠራተኞቹ ግን ከነቤተሰባቸው የሚኖሩት ከጦርነቱ በተረፉ የወታደር ካምፖች ውስጥ ነው፣ ማኮብኮቢያው አጠገብ! ትክክለኛው ከተማ ትንሽ ራቅ ብሎ የተሰራው በ1950ዎቹ ነው፣ መንገዶቹንም በፓይለቶች ስም ሰየሟቸው፣ የሊንድበርግ መንገድ አለ፣ የኤርሃርት መንገድ አለ። በአውሮፕላን የምትኖር ከተማ መሆኗን እንዲህ በአድራሻዋ ሳይቀር ጻፈችው።

አሁን ልብ የሚነካኝ ክፍል ጋ ደረስን። በጥቅምት 1958 ጀት አውሮፕላኖች አትላንቲክ ላይ ሥራ ጀመሩ፣ ፓን አም የሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ቦይንግ 707 የመጀመሪያው የኒውዮርክ ፓሪስ በረራ ራሱ ጋንደር አርፎ ነዳጅ ቀድቷል። በዓመት ውስጥ ግን የተሻሻለው 707 መጣና ማረፍ የማያስፈልገው ሆነ። ጋንደር ደግሞ በዛው በ1959 በሰኔ ወር አዲሱን ዓለም አቀፍ ተርሚናሏን አስመርቃለች፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ ናት የመረቀችው። ፎቶውን ፈልገሽ እይው፣ ወለሉ በጂኦሜትሪ ቅርጽ የተሰራ ነው፣ ግድግዳው ላይ 22 ሜትር የሚረዝም የበረራ ሥዕል አለ፣ ኬነዝ ሎክሄድ የሚባል ካናዳዊ በእንቁላል አስኳል በተለወሰ ቀለም ነው የሰራው፣ የዓለም ከተሞችን ሰዓት የሚቆጥሩ ሰዓቶችም ተሰቅለዋል። (የኒውፋውንድላንድ ሰዓት ከለንደን የመደበኛ ሰዓት ሦስት ሰዓት ተኩል ወደኋላ ነው፣ ግማሽ ሰዓቷን እስከዛሬ አለቀቀችም።) ያን ሁሉ ውበት ሰርተው የጨረሱት መንገደኛው ጥሏቸው ሊሄድ ሲል ነው፣ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል።

በኋላ የቆየላት የምሥራቁ ጎራ ነው፣ ከሞስኮና ከምሥራቅ በርሊን ወደ ኩባ የሚመላለሱት አውሮፕላኖች ነዳጅ የሚቀዱት እዚህ ስለነበር ብዙ ሰው በትራንዚት ወርዶ በዛው ጥገኝነት ጠይቆ ቀርቷል። ከባዱ ቀን ደግሞ ታኅሣሥ 12 ቀን 1985 ነው፣ ለገና ወደ ቤታቸው የሚመለሱ 248 የአሜሪካ ወታደሮችና 8 የበረራ ሠራተኞች የያዘ ዲሲ-8 ነዳጅ ቀድቶ እንደተነሳ ወድቆ አንድም ሰው አልተረፈም። ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

ከዛ መስከረም 11 ቀን 2001 መጣ፣ አሜሪካ በሽብር የተጠቃችበት ቀን። አሜሪካ ሰማይዋን ስትዘጋ ውቅያኖስ ላይ ያሉት፣ ግማሹን ያለፉት፣ መመለስ የማይችሉት 38 የመንገደኛ አውሮፕላኖች ጋንደር እንዲያርፉ ታዘዙ። ከ6,500 በላይ ሰው ማለት ነው! ብዙዎቹ ተራቸው እስኪደርስ አውሮፕላን ውስጥ ሰዓታት ተቀምጠዋል፣ አንዳንዶቹ አድረዋል። አድማ ላይ የነበሩት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌሮች አድማቸውን ትተው መሪ ጨበጡ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተክርስቲያኑ፣ አቅራቢያ ያሉት የጋምቦና የሉዊስፖርት ከተሞች አዳራሾች ሳይቀሩ መኝታ ሆኑ፣ የመጣው ምግብ ማስቀመጫ ሲያጣ የበረዶ ሆኪ ሜዳውን ፍሪጅ አደረጉት። ጭነት ክፍል ውስጥ የነበሩትን ውሾችና ድመቶች የሚመግብላቸው ሰው እንኳ አልጠፋም። ሰው ስለ ሕዝቡ ደግነት ያወራል፣ ይገባቸዋል፣ እኔ ግን ስለ አስፋልቱም ይወራ እላለሁ። ያን ሁሉ አውሮፕላን ማቆሚያ የተገኘው እኮ ለ1940ዎቹ ተብሎ ተሰርቶ፣ ጀት ሲመጣ ምን ይሰራል የተባለው ሜዳ ስለነበረ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ጋንደር ስታወራ ሰምቼህ ነው። ዛሬ አውሮፕላን ሁሉ ሳያርፍ ካለፈ ለምን አይዘጉትም?
ከአንድ አንባቢ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳያርፍም እኮ ይጠቀምበታል። ሁለት ሞተር ያለው አውሮፕላን ውቅያኖስ ሲሻገር አንዱ ሞተር ቢጠፋ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ የሚደርስበት ኤርፖርት መንገዱ ላይ ሊኖር ግድ ነው፣ ጋንደር ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ማኮብኮቢያ ይዛ ለዚህ ትጠብቃለች፣ መንገደኛ የታመመበትም እዛ ይወርዳል፣ የግልና የወታደር አውሮፕላኖች አሁንም ነዳጅ ይቀዳሉ። ትልቁ ግን የአየር መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ነው። የሰሜን አትላንቲክን ምዕራብ ግማሽ ትራፊክ የሚመሩት ጋንደር የተቀመጡ ሰዎች ናቸው፣ ማታ ማታ ከአሜሪካ ተነስቶ አውሮፓ የሚያድር አውሮፕላን ውቅያኖሱ መሃል ያለችው 30 ዲግሪ ምዕራብ የምትባለዋ የካርታ መስመር እስኪደርስ በነሱ እጅ ነው፣ እዛ ሲደርስ በወዲያ በኩል ሻንዊክ በሚባለው የእንግሊዝና የአየርላንድ መቆጣጠሪያ ላሉት ሰዎች ያስረክቡታል።