የዓይኑ መቅላት ከመዥገሯ ይሆን እንዴ?

ጥያቄ፦ ዶክተር እንደምን ሰነበቱ፣ ሜሪላንድ ነን ያለነው። ባለቤቴ ሳር አጨዳ ነው የሚሰራው፣ ግንቦት ላይ ከጉልበቱ ጀርባ መዥገር ተጣብቃበት አገኘሁና ነቅዬ ጣልኳት፣ ሳምንት አልፎ እዛው ቦታ ላይ ክብ ቀይ ነገር ወጣና እየሰፋ ሄደ፣ አያሳክከኝም ስላለ ተውነው። አሁን ደሞ ግራ አይኑ ቀልቶ ያመዋል፣ መብራት ሲበራ ፊቱን ያዞራል። ክሊኒክ ፒንክ አይ የሚሉት ተራ የአይን መቅላት ነው ብለው ጠብታ ሰጡት፣ አስር ቀን ሆነው ምንም ለውጥ የለም። ይገናኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሊገናኝ ይችላል። ዛሬ ካልሆነ ነገ የአይን ሀኪም ይየው፣ መነጽር የሚለካው ጋ ሳይሆን ኦፍታልሞሎጂስት ጋ።

እኔን ያሳሰበኝ ያ እየሰፋ የሄደው ክብ ነገር ነው። ላይም የሚባለው በሽታ ብዙ ጊዜ እንደዛ ነው የሚጀምረው፣ መዥገሯ ከነከሰች ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፣ ብዙም ስለማያሳክክ ሰው ይንቀዋል፣ እናንተ ያላችሁበት አካባቢ ደሞ በሽታው በደንብ አለ። ካልታከመ ባክቴሪያው በደም ዞሮ መገጣጠሚያ፣ ልብ፣ የፊት ነርቭ ይነካል፣ አልፎ አልፎ ደሞ አይን ውስጥ ገብቶ ያስቆጣል።

ፒንክ አይ ብዙ ጊዜ አይን ያስለቅሳል፣ አይናር ያበዛል፣ ጠዋት ያጣብቃል፣ ግን ብርሃን እስከመሸሽ የሚያደርስ ህመም የለውም። ህመም ካለ፣ እይታው ከደበዘዘ፣ ቅላቱም ጥቁሩን ከቦ ከያዘ ችግሩ ከውስጥ ሊሆን ስለሚችል በስሊት ላምፕ (አይንን አጉልቶ በሚያሳይ መሳሪያ) መታየት አለበት፣ በቆየ ቁጥር እይታ ይጎዳል። ሰው ቤት የተረፈ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ግን በፍጹም እንዳታደርጊለት!

ሀኪሙ ስለ ቲቢና ስለ ቂጥኝም ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ አትከፉ፣ የአይን ውስጥ መቆጣት ከላይም በሽታ ይልቅ በሌላ ምክንያት ነው በብዛት የሚመጣው፣ ከኛ አገር ለመጣ ሰው ቲቢን ማጣራት ተገቢ ነው። የላይም የደም ምርመራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኔጌቲቭ ሊል ይችላል፣ ያኔ ተመርምሮ ከነበረም አሁን ይደገምለት። ላይም ከሆነ በአንቲባዮቲክ ይታከማል፣ አብዛኛውን ጊዜ ዶክሲሳይክሊን ነው፣ ሀኪሙ ካመነበት በደም ስር የሚሰጥም አለ። ፊቱ ባንድ በኩል ከወደቀ ወይ አይኑን መክደን ካቃተው ቀጠሮ ሳትጠብቂ ኢመርጀንሲ ውሰጂው።

ለወደፊቱ መዥገር ካገኘሽ ቫዝሊንም እሳትም አያስፈልግም፣ በወረንጦ ቆዳው ጋ ጠጋ ብለሽ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢያት። ስራ ሲገባም ቶሎ ገላውን ይታጠብና ብብቱን፣ ብሽሽቱን፣ የጉልበቱን ጀርባ እይለት፣ ብዙውን ጊዜ በሽታውን ለማስተላለፍ ከአንድ ቀን በላይ ተጣብቃ መቆየት አለባት።

የዛ ቀይ ነገር ፎቶ ስልክሽ ላይ ካለ ለሀኪሙ አሳዪው፣ መዥገሯን መቼ እንዳገኘሻትም ሳይጠይቅሽ ንገሪው።