ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ፤ ልሂድ ወይስ ልቆይ?

ጥያቄ፦ ለተከበሩ እናቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ገንዘብ ያዥ ነኝ። ዕድሜዬ 26 ነው። ባለፈው ሳምንት የቀኑ ሒሳብ ሲዘጋ 18,400 ብር ጎደለ። በዚያ ቀን ገንዘብ የተቀበልነው ሁለት ነበርን፤ ሥራ አስኪያጁ ግን በእንግዶችና በአስተናጋጆች ፊት «ብሩን አምጪ!» ብሎ የጮኸው በእኔ ላይ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ጉድለቱን አምኜ በየወሩ ከደመወዜ እንዲቆረጥ የምፈርምበት ወረቀት ሰጥቶኛል። አልወሰድኩም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ እህልም አይወርድልኝም። ጓደኛዬ ዱባይ የሚልክ ደላላ አግኝታልኛለች። «እስከ ዓርብ ፓስፖርትሽንና ቀብዱን ካላመጣሽ ዕድሉ ለሌላ ይሄዳል» ብሎኛል። ቅዳሜ ማለዳ ለማንም ሳልናገር ከመናኸሪያ ተሳፍሬ ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ነው። ሶዶ ላለችው እናቴ እንኳ አልነገርኳትም። በየቀኑ ቅዱስ ገብርኤልን ተሳልሜ እጸልያለሁ፤ ልቤ ግን አልረጋ አለኝ። ምን ይመክሩኛል?

ሰላም ያጣሁ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባላጠፉት ጥፋት በሰው ፊት መዋረድ አጥንት ይሰብራል። ከዚያ ቤት ለመሸሽ መፈለግሽ አይገርመኝም፤ ድካም ነው ብዬም አልነቅፍሽም። ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በጽጌ ወራት የምታስበው የእመቤታችንን ስደት አይደለም? ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ ሸሽቷል። መሸሽ በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ሌሊት ቆመን ማኅሌት ባልቆምንለት ነበር። ነገር ግን ዮሴፍን ከእንቅልፉ ያስነሣው የሄሮድስ ፍርሃት ሳይሆን መልአኩ ነው። አንቺን ቅዳሜ ማለዳ የሚያስነሣሽ ማን ነው?

እንደማየው ሥራ አስኪያጁና ደላላው ናቸው። አንዱ ከኋላ ይገፋሻል፤ ሌላው ከፊት ይጎትትሻል።

ከሁሉ በፊት ግን ብዪ፤ ተኚም። ነቢዩ ኤልያስ የኤልዛቤልን ዛቻ ሰምቶ ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን፣ መልአኩ ያመጣለት እንጎቻና ውኃ ነበር፤ ያውም ሁለት ጊዜ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከብዙ ቀን በኋላ በኮሬብ ነው። ያልበላና ያልተኛ ሰው የሚወስነው ውሳኔ የራሱ አይደለም።

«በየቀኑ እጸልያለሁ» ብለሻል፤ አምንሻለሁ። የምትጸልዪውን ግን ልገምት፦ «ጌታ ሆይ፣ ቅዳሜ በሰላም አድርሰኝ፤ ከእነርሱም ገላግለኝ።» ይህ የመንገደኛ ጸሎት ነው። መልካም ጸሎት ነው፤ የሚጸለየው ግን መንገዱ ከታወቀ በኋላ ነው። አንቺ ውሳኔሽን ለእግዚአብሔር አስታወቅሽው እንጂ እርሱን አልጠየቅሽውም። ልብሽ አልረጋ ያለው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

የዳዊትን ነገር ተመልከቺ። በቅዒላ ሳለ ሳኦል ሊከብበው እንዳሰበ ሰማ። አብረውት 600 ያህል ሰዎች ነበሩ፤ ያን ጊዜውኑ በሩን ከፍቶ መሮጥ ይችል ነበር። እርሱ ግን ካህኑን አብያታርን ኤፉዱን፣ ማለትም ካህኑ እግዚአብሔርን የሚጠይቅበትን ልብስ፣ አስመጥቶ ጠየቀ፦ ሳኦል ይወርዳልን? የከተማው ሰዎችስ አሳልፈው ይሰጡኛልን? ሳኦል እንደሚወርድ ብቻ ሲነገረው የቀረውን ደግሞ ጠየቀ። አሳልፈው እንደሚሰጡት ሲሰማ ተነሥቶ ወጣ። ሸሸ! ኋላ ደግሞ የሚኖርባት ከተማ ጺቅላግ ተቃጥላ፣ ሴቶችና ልጆች ተማርከው፣ የገዛ ሰዎቹ በድንጋይ ሊወግሩት ሲነጋገሩ፣ ያንኑ ኤፉድ አስመጥቶ «ልከተላቸውን?» አለ። የዚያን ቀን መልስ «ተከተል» የሚል ነበር። ሁለቱንም በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 23 እና 30 ታገኚያቸዋለሽ። እኔ እነዚህን ምዕራፎች አጥብቄ የምወዳቸው ዳዊት ሲጠይቅ መልሱን ቀድሞ ስላልያዘ ነው። «ሂድ» ቢባልም «ቅር» ቢባልም ለመቀበል ተዘጋጅቶ ጠየቀ።

እንግዲህ ነገ ለኪዳን ጸሎት ቅዱስ ገብርኤል ሂጂ። ሲያልቅ ቶሎ አትውጪ፤ ስልክሽን አጥፍተሽ ከግቢው አንድ ጥግ ተቀመጪና ጠይቂ። ተደብቄ ብወጣ ማግስቱን ብሩን ማን ወሰደ ይባላል? ዱባይ የሚጠብቀኝ ቤት የማን ነው? ለእናቴ ልነግራት ያልቻልኩት ምን አስፈርቶኝ ነው? ከሰማይ ድምፅ አትጠብቂ። ከጥያቄዎቹ መካከል ልብሽ ቶሎ ሊያልፈው የሚፈልገው አንድ አለ፤ እርሱ ላይ ቆዪ። ከዚያ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። እግዚአብሔር ለእኔ በአብዛኛው የመለሰልኝ በሰው አፍ ነው፤ ላንቺም በእናትሽ አፍ ሊመልስልሽ ይችላል።

ቆም ያለ ሰው የሚሸሸውን ነገር በልኩ ያየዋል። ያን ወረቀት እንመልከተው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ከደመወዝ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈቀድ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያም ቢሆን በወር ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ፊርማሽን የፈለጉት ለምን እንደሆነ ገባሽ? አትፈርሚ። የዚያን ቀን ደረሰኞችና ሒሳብ ሁለታችሁም ባላችሁበት እንዲመረመር በጽሑፍ ጠይቂ፤ ያስገባሽበትን ግልባጭ ያዢ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ይህን የምታነብ ሌላም እኅት ትኖራለችና። ሥራ አስኪያጁ እጁን ያነሣብሽ ወይም ገላሽን የጠየቀሽ ቢሆን ኖሮ የምጽፍልሽ ሌላ ነበር። ያን ጊዜ ቁጭ ብሎ ማሰላሰል የለም። ዮሴፍ ከጲጥፋራ ሚስት እጅ ልብሱን ትቶ ነው የሮጠው። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰብሽና በደብዳቤው ለመጻፍ አፍረሽ ከሆነ፣ አሁኑኑ ውጪ፤ ጸሎቱን በመንገድ ትጸልዪዋለሽ።

ካልሆነ ግን ጠይቀሽ፣ ተማክረሽ፣ መልሱ «ሂጂ» ቢሆን እኔም እመርቅሻለሁ። በቀን ሂጂ። በሕጉ መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃሽን ተቀበዪ፤ ሶዶ ወርደሽ የእናትሽን ጉልበት ሳሚ። ውጭ አገርም ከሆነ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል፣ ውሉን አንብበሽ ይሁን። የዓርቡ ቀጠሮ የደላላው ነው፤ ፓስፖርትሽንም ቀብዱንም እንዳትሰጪው።