ተረካቢው ማን ነው?

ልጆቼ፣ ስደተኞችን በማስፈር ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ወደዚህ ሙያ መግባት ለምታስቡ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ሥራ ስጀምር ቬትናማዊት ባልደረባ ነበረችኝ። መሳቢያዋ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፎቶ ታስቀምጣለች። ልጅ ሳለች ማሌዥያ ውስጥ፣ ፑላው ቢዶንግ ደሴት ላይ የተነሣችው ናት። ደረቷ ላይ ስሟና የመጣችበት ጀልባ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ይዛለች። ፎቶዋ ያለበትን ፋይል አንድ አገር አይቶ መለሰው፤ ሌላው ተቀበለው። ቁጥሩን እስከ ዛሬ በቃሏ ትለዋለች።

እ.ኤ.አ. በ1979 አጋማሽ እዚያች ጠባብ ደሴት ላይ ከቬትናም በጀልባ የሸሸ 40,000 ያህል ሰው ታጭቆ ነበር። በሰኔ የአካባቢው መንግሥታት "ከእንግዲህ አዲስ ሰው አንቀበልም" አሉ። ጀልባዎች ወደ ባሕር ተገፉ። ሰው ወደ ባሕር መግፋት ነውር ነው፤ ዛሬም እንዲሁ እላለሁ። ወጣት ሳለሁ ግን ከቁጣ አላልፍም ነበር። ጎረቤት አገሮች የተቀበሏቸውን ሰዎች ማን ወስዶ ያሰፍራቸዋል፣ ተረካቢያቸው ማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

በሐምሌ 65 መንግሥታት ጄኔቫ ላይ ተቀመጡ። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ፈረንሳይና ሌሎችም እንወስዳለን ያሉት ሰው ከ125,000 ወደ 260,000 አደገ። ተረካቢ ሲገኝ የጎረቤቶቹ በር ተከፈተ። ኢንዶኔዥያና ፊሊፒንስ ለመሸጋገሪያ ካምፕ ቦታ ሰጡ። ቬትናምም ሰዎች በሕጋዊ መንገድ፣ በአውሮፕላን እንዲወጡ ተስማማች። በጀልባ መውጣትን እንደምታግድም ቃል ገባች። ይሄኛው እስካሁን ይከነክነኛል፤ የሚሸሽ ሰው ወረፋ መጠበቅ አይችልማ።

እንወስዳለን ያሉት አገሮች ቃል ሲቀዘቅዝ ደግሞ ካምፑ ይሞላል። በ1989 እንደገና ጄኔቫ ተሰበሰቡ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ እየተጣራ፣ ስደተኛ አይደለህም የተባለው ወደ አገሩ ይመለስ ጀመር።

እኔ ከሱዳን ወደ አሜሪካ የገባሁት በ1980ው የስደተኞች ሕግ ነው። ያ ሕግ እንዲወጣ ትልቅ ግፊት የሆነው የእነዚያ የጀልባ ሰዎች ጉዳይ ነበር። ስለዚህ የእነሱን ታሪክ እንደ ራሳችሁ አንብቡት። አንድ አገር በር ዘጋ ሲባል ስትሰሙ፣ ለመውሰድ ቃል ገብተው የቀሩትንም ፈልጉ። ስንት ቃል ገቡ? ስንት ወሰዱ?

ባልደረባዬ፣ አዲስ የሚገቡ ስደተኞችን ለመቀበል አውሮፕላን ማረፊያ ስንሄድ፣ ሰነዱን የያዘበትን ነጭ የፕላስቲክ ቦርሳ ያንጠለጠለ ቤተሰብ ብቅ ሲል ቀድማ የምትሄደው ወደ ልጆቹ ነበር። በርከክ ብላ ስማቸውን ትጠይቃለች። አንደበቷ እስኪያቀናው ድረስ ደጋግማ ትጠራዋለች።