ሌሊታችሁን ቁጠሩ፦ የካራቫን ክለብ ልግባ ወይ ለምትሉ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ከማንችስተር ደወለልኝ። ያገለገለ ካራቫን ሊገዛ ነው። ከመኪና ኋላ የሚጎተተውን፣ ውስጡ አልጋና ምድጃ ያለውን የጉዞ ቤት። «ጋሼ፣ ሁሉም ሰው ክለብ ግባ ይለኛል። በዓመት ወደ 60 ፓውንድ ነው። ይጠቅማል ወይስ ብር ማባከን ነው?» አለኝ።

እኔ እንግሊዝ አገር 22 ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት። ከዚያ ውስጥ 11ዱን ዓመት ካራቫን ጎትቻለሁ። አሁን ያለሁት ሰንዳፋ ነው፣ ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ወጣ ብሎ። በስልክ የችኮላ መልስ ሰጠሁትና ማታ ቅር አለኝ። በየክረምቱ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶችና ወዳጆችም ግቢዬ ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ ይህንኑ ይጠይቁኛል። ስለዚህ ለእሱም ለእናንተም ልጻፈው።

መጀመሪያ ሌሊታችሁን ቁጠሩ። በዓመት ስንት ሌሊት ካራቫን ውስጥ ታድራላችሁ? የተመኛችሁትን ሳይሆን በእርግጥ የምታድሩትን። እንግሊዝ አገር ሁለት ትልልቅ ክለቦች አሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1901 በብስክሌት እየዞሩ ድንኳን በሚተክሉ ሰዎች ተጀመረ። ሌላው በ1907 ተመሠረተ። ሁለቱም የራሳቸው ማረፊያዎች አሏቸው። ብዙዎቹ ማረፊያዎች አባል ያልሆነ ሰውም ይቀበላሉ፤ ግን በየሌሊቱ ጭማሪ አለው። እኔ በማውቀው ጭማሪው ከ10 ፓውንድ ያልፋል። ሒሳቡ እንግዲህ ይኸው ነው። ስድስት ሌሊት ካደራችሁ የአባልነት ክፍያው ተመለሰ። በዓመት ሁለት ሌሊት ብቻ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። ጭማሪውን ከፍላችሁ እደሩ። ዋጋው በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ከመወሰናችሁ በፊት የዘንድሮውን ጠይቁ።

ይህ የገንዘቡ ነገር ነው። እኔን ግን ክለቡ ውስጥ ያቆየኝ ቅናሹ አይደለም። የገበሬዎቹ ማሳ ነው።

ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ የካራቫን ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት የታወቁ ክለቦች ለትንንሽ ቦታዎች ራሳቸው ማረጋገጫ መስጠት ይችላሉ። አንድ ገበሬ ከማሳው ጥግ ይለይና ክለቡ አይቶ ይፈቅድለታል። በአንድ ጊዜ ከአምስት ካራቫን በላይ አይገባበትም። የሚያድረውም የክለቡ አባል ብቻ ነው። አባል ካልሆናችሁ ጭማሪ እከፍላለሁ ብትሉም አይሆንም። እንዲህ ዓይነት ማረፊያ በመላ አገሪቱ በብዛት አለ። የውኃ ቧንቧ አለ፣ የቆሻሻ መድፊያ አለ፣ አንዳንዱ ጋ መብራት አለ። መዋኛ ገንዳ የለም፣ ሙዚቃ የለም። ዋጋው ከትልልቆቹ ብዙ ይረክሳል።

እኛ አብዝተን የምንሄደው ዌልስ ውስጥ አንድ በግና ላም የሚያረባ ገበሬ ዘንድ ነበር። በሩ ላይ እንቁላል ይቀመጣል። ሻጭ የለም። ገንዘቡን ጣሳ ውስጥ ጥላችሁ እንቁላሉን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ልጆቼ ለንደን ፎቅ ላይ ነው ያደጉት። ላም ስትታለብ መጀመሪያ ያዩት እዚያ ነው። ከዓመታት በኋላ ሰንዳፋ ስንገባ ትንሹ ልጄ ከመኪናው ወርዶ ቆመ። ጎረቤታችን ኩበት አስጥታ ነበር፣ ከአጠገቡ የጭድ ክምር አለ። «አባዬ፣ ይሄ ሽታ እኮ የዚያ የገበሬው ነው» አለኝ። አገሩን ከማያውቀው ነገር ጋር አላገናኘውም፣ ከሚወደው ነገር ጋር ነው ያገናኘው። ለዚህ ስንት እንደምከፍል ቢጠይቁኝ ዋጋ አላወጣለትም።

ውጭ አገር ልጆች የምታሳድጉ፣ እባካችሁ ይህን አስቡት። ልጆቹ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ስልክ ብቻ ሆኖባቸዋል። ለሁለት ሌሊት እንኳ ከብት ካለበት ሜዳ ማደር ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ትምህርት ነው። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ካራቫን የገዛሁት ክለብ ሳልገባ፣ ሰው ሳልጠይቅ ነው። ከግለሰብ ገዛሁት። ውስጡ ጥሩ መዓዛ ይሸታል፣ መጋረጃው አዲስ ነው። ክረምቱ ሲገባ የፊተኛው ጥግ ግድግዳ በጣት ሲነካ ገባ አለ። እንጨቱ በስብሷል። ለማሳደስ ከገዛሁበት ዋጋ ግማሽ በላይ አወጣሁ። ሽቶው የተረጨው ለዚህ እንደነበረ በኋላ ገባኝ። ክለብ ከገባሁ በኋላ አንድ አዛውንት አባል የእርጥበት መለኪያ ምን እንደሆነ አሳዩኝ። ግድግዳው ላይ ጠጋ ታደርጉታላችሁ። ከ15 በመቶ በታች ካነበበ ደህና ነው። 20 ካለፈ ጠይቁ። 30 ከደረሰ ጥላችሁ ሂዱ። መሣሪያው ርካሽ ነው። ያን ጊዜ ብጠይቅ ኖሮ አንድ ቀን በቂ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። እንግሊዝ አገር ካራቫን እንደ መኪና የመንግሥት ሊብሬ የለውም። ስለዚህ የተሰረቀ ወይም ዕዳ ያለበት መግዛት ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ግን የኢንዱስትሪው ማኅበር ክሪስ የሚባል የምዝገባ ሥርዓት አለው። ቁጥሩ መስኮቶቹ ላይ ተቀርጿል። ገንዘብ ሳትሰጡ በፊት ቁጥሩን አስጣሩ።

መጎተትም ይማሩታል እንጂ እንዲሁ አይመጣም። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2021 ወዲህ እንግሊዝ አገር ተራ የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ እስከ 3,500 ኪሎ የሚመዝን ተጎታች መጎተት ይችላል። ተጨማሪ ፈተና የለም። ሕጉ ፈቀደ ማለት ግን እጃችሁ ቻለ ማለት አይደለም። ክለቦቹ የሥልጠና ቀን አላቸው፣ ገብታችሁ ተማሩ። እዚያ የሚነግሯችሁ ቁም ነገር ይህ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ የተጫነው ካራቫን ክብደት ከመኪናው ክብደት 85 በመቶ አይለፍ። ከባድ ዕቃ መሀል ላይ፣ ጎማው ባለበት በኩል ይቀመጥ። ኋላ ላይ ከከመራችሁት ካራቫኑ እንደ እባብ ይወዛወዛል፣ መኪናውንም ይዞ ይገለብጣል። አውራ ጎዳና ላይ ከ60 ማይል አትለፉ። መሀሉ አካፋይ በሌለው መንገድ ላይ 50 ነው። ሦስት መሥመር ባለው አውራ ጎዳና የቀኙን ዳር መሥመር አትንኩ፣ ክልክል ነው። ሪቨርስ ደግሞ መሪው ተቃራኒ ነው። ካራቫኑ ወደ ግራ እንዲሄድ መሪውን ወደ ቀኝ። ባዶ ሜዳ ላይ እስኪገባችሁ ድረስ ተለማመዱት።

አሁን ወደ እኛ ጓዳ ልግባ። እንግሊዞቹ የማይነግሯችሁ ይህን ነው።

ከሰል ካራቫን ውስጥ አታስገቡ። ከጎኑ በሚያያዘው ድንኳን ውስጥም አታስገቡ። ዝናብ ሲሆን ሰው ይዘነጋል፤ ቡናው ሊፈላ ነው፣ ምድጃውን ጠጋ እናድርገው ይላል። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው። ያስተኛል፣ አይቀሰቅስም። አገር ቤት በከሰል ያለቁ ቤተሰቦችን ሁላችንም ሰምተናል። ካራቫን ከክፍል ይጠባል፣ ስለዚህ ይብሳል። ቡናውን በጋዙ ምድጃ አፍሉ፣ መስኮትና የጣሪያ አየር ማስገቢያው ተከፍቶ። ለከሰል ጋዝ የሚጮኸውን ማስጠንቀቂያ ገዝታችሁ ስቀሉ። ዕጣኑ ሜዳ ላይ ይሁን።

እንጀራ ጋግራችሁ ውጡ። ማረፊያዎቹ የሚሰጡት መብራት ከፍተኛው 16 አምፔር ነው፣ ወደ 3,600 ዋት ማለት ነው። ገበሬው ጋ ከዚያም ያንሳል። ትልቁን የኤሌክትሪክ ምጣድ ብትሰኩ ፊውዙ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሌሊት ነው የሚሆነው፣ የገበሬውን በር ለማንኳኳት ታፍራላችሁ።

ብቸኝነቱንም አልደብቃችሁም። ብዙ ጊዜ ከማረፊያው ጥቁር ቤተሰብ እኛ ብቻ ነበርን። የመጀመሪያው ምሽት ባለቤቴ «ወዴት ነው ያመጣኸን?» ብላኛለች። ካራቫኑን አቅንቼ ማቆም አቅቶኝ ስታገል የጎረቤቱ ሽማግሌ ዝም ብለው ተነሥተው በእጃቸው ያሳዩኝ ጀመር። ትንሽ ግራ፣ አሁን ቁም፣ አሁን ቀጥ። በማግሥቱ ሜዳው ላይ ቡና አፈላንና ጠራናቸው። ሦስት ሲኒ ጠጡ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በተመሳሳይ ሳምንት እዚያው ቦታ እንገናኝ ነበር። ክለብ እንደ እድር ነው። መዋጮውን በባንክ ልኮ የማይመጣ ሰው ጥቅሙን አያየውም። አባል ከሆናችሁ ስብሰባቸው ላይ ተገኙ። የራሳችሁን ሲኒ ይዛችሁ ሂዱ።

ሌላ አገር ላላችሁ በአጭሩ ልበል። አሜሪካ ያላችሁ፣ ብዙ ሰው የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1966 በተመሠረተው ጉድ ሳም ክለብ ነው። አብረውት በሚሠሩ ማረፊያዎች 10 በመቶ ይቀንሳል። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ስለ መጎተትና ስለ ብልሽት አገልግሎት በደንብ ጠይቁ። ጀርመን ያላችሁ ምናልባት አዳክ በሚባለው የመኪና ባለቤቶች ማኅበር ውስጥ አስቀድማችሁ አባል ናችሁ። ሌላ ከመጨመራችሁ በፊት ያለው ምን እንደሚያካትት አንብቡ። እዚያ በተራ መንጃ ፈቃድ መኪናውና ካራቫኑ ተደምሮ 3,500 ኪሎ ካለፈ ተጨማሪ ሥልጠና ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። ይህን ሳያጣሩ መግዛት አደጋ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልንገራችሁ። የዓመት ፈቃዳችሁ በሙሉ አዲስ አበባ የሚያልቅ ከሆነ፣ ክለብም ካራቫንም አትግዙ። ክለቡ ከወጪዎቹ ሁሉ ትንሹ ነው። ማቆሚያ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ የዓመት ሰርቪስ አለ፣ ጎማ ባይነዳም ያረጃል። መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ተከራዩ። ቤተሰቡ ከወደደው ክለብ ግቡ። ካራቫኑን ከክለቡ በኋላ ግዙ። የእህቴ ልጅ ቅደም ተከተሉን ገልብጦት ነበር፣ እኔም ያኔ ገልብጬው ነበር።

«ካራቫኔን ጭኜ ላምጣው፣ ሰንዳፋ ወይም ሱሉልታ ላይ አቆመዋለሁ» የምትሉም አላችሁ። ሐሳቡ ደስ ይላል። እኔም አስቤው ነበር። ግን ተዉት። የእንግሊዝ ካራቫን በሩ በግራ ጎን ነው። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ልጆቻችሁ የሚወርዱት መኪና በሚያልፍበት በኩል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ ስለዚህ የሚጎትተውን መኪና ከዚያ ይዛችሁ አትመጡም። ሰንዳፋ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ከኋላው ቤት ሲጎትት አስቡት። አምስት ካራቫን የሚቀበል ገበሬም ገና የለንም።

ግን ካራቫን አገራችንን ረግጦ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1959 ዋሊ ባያም የሚባል አሜሪካዊ፣ ኤርስትሪም የሚባሉትን ብርማ ካራቫኖች የሚሠራ ሰው፣ 41 ካራቫን አስከትሎ ከኬፕታውን ተነሣ። መድረሻቸው ካይሮ ነበር። በኢትዮጵያ በኩል አለፉ፣ የደቡቡ መንገድ በጣም ፈተናቸው፣ አዲስ አበባ ሲደርሱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተቀበሏቸው። ለብቻው የሞከረ ሰው ያንን መንገድ አይወጣውም ነበር። ያወጣቸው አብረው መሆናቸው ነው። ክለባቸው የተመሠረተው ከዚያ ጉዞ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው፣ ዛሬም አለ። አያቶቻችን ይህን ያውቁታል። ሲራራ ነጋዴ ለብቻው አይወጣም ነበር። ነጋድራሱን ይዞ፣ ኬላውን በአንድነት ተሻግሮ፣ ሌሊት በተራ እየጠበቀ ነው የሚጓዘው።

ለእህቴ ልጅ ትናንት መልሼ ደወልኩለት። ስምንት ሌሊት ቆጥሯል። ለፋሲካ ሰሞን ካራቫን ሊከራይ ነው፣ ከዚያ ክለቡን ይወስናል። በክረምት ከልጆቹ ጋር እዚህ ይመጣል። ድንኳን ብቻ ይዞ እንዲመጣ ነገርኩት። ከባሕር ዛፉ ሥር የሣሩን ቦታ አስተካክያለሁ፣ ውኃው ቅርብ ነው። እናንተም በደሴ መንገድ ካለፋችሁ ሁለተኛ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ አለ። የሰንዳፋ ሌሊት ይበርዳል፣ ጋቢ አትርሱ።