ዐይኔ ሲድን ነገሩን ረሳሁት

እህቴ፣ «ግራ እግሬ ከደነዘዘ ሁለት ሳምንት አለፈው፤ አምና ደግሞ አንድ ዐይኔ ደብዝዞ በራሱ ተሽሎኝ ነበር። መልቲፕል ስክለሮሲስ ይሆን?» ብለሽ የጠየቅሽውን ሳነብ ደነገጥኩ። የእኔም አጀማመር እንዲሁ ነበርና።

በ27 ዓመቴ፣ አዲስ አበባ ሳለሁ፣ ቀኝ ዐይኔን ወደ ጎን ባዞርኩ ቁጥር ከበስተኋላው ያመኝ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ጉም ወረደበት። ግራውን ሸፍኜ ሳይ የነጠላዬ ቀይ ጥለት ቀለሙ የለቀቀ ይመስላል። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨመቀችልኝ። በአምስተኛው ሳምንት ዐይኔ በራ፤ ዳማከሴው ያዳነኝ መሰለን። የዐይን ነርቭ ብግነት ያለ ሕክምናም ቢሆን ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ እንደሚሻል ማን ነግሮን! እኔን ያሳሳተኝ ሕመሙ ሳይሆን መዳኔ ነው። በዓመቱ እግሬ ሲደነዝዝ ሁለት ቦታ ሄጄ ስለ እግሬ ብቻ ተናገርኩ፤ ሁለቱም ጊዜ የሕመም ማስታገሻ ይዤ ተመለስኩ። አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን በምስል የሚያሳየው ኤምአርአይ የታዘዘልኝ ለነርቭ ሐኪም የዐይኔን ታሪክ የነገርኩ ቀን ነው።

በመልቲፕል ስክለሮሲስ የሰውነታችን መከላከያ በአንጎል፣ በሕብለ ሰረሰርና በዐይን ነርቭ ላይ ያለውን የነርቭ ሽፋን፣ ማይሊንን፣ ያጠቃል። ምልክቱ ጥቃቱ ባረፈበት ቦታ ስለሚወሰን የአንዱ ታማሚ ሁኔታ ከሌላው አይመሳሰልም። ስለዚህ አካሄዱን ተመልከቺ፦ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይጠነክራል፣ ከ24 ሰዓት በላይ ሳያቋርጥ ይቆያል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይለቃል። ተኝተሽበት ደንዝዞ በአምስት ደቂቃ የሚለቅሽ እጅ ከዚህ አይቆጠርም።

እኔ አንገቴን ወደ ደረቴ ሳጎነብስ ከጀርባዬ እስከ እግሬ ኤሌክትሪክ የመሰለ ነገር ይነዝረኝ ነበር። በሙቅ ውሃ ስታጠብ ዐይኔ እንደገና ይደበዝዛል፣ ሰውነቴ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ድካሙንም አትናቂው። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ጠዋት ቡና ለማፍላት አቅም ያጣሁበት ጊዜ አለ፤ ስንፍና ሲሉት ከሕመሙ ይልቅ ያ ቃል ጎድቶኛል።

ደግሞም ደነዘዘኝ ብለሽ ብቻ አትደምድሚ። አጽዋማቱን ሁሉ ያለ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የምታሳልፊ ከሆነ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም እግር ያደነዝዛል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ ይታከማልም። ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ የሚባል በሽታም ዐይንንና ሕብለ ሰረሰርን ያጠቃል። ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች እርሱን ስለሚያባብሱት፣ እርሱን ለመለየት የሚረዳው የአኳፖሪን 4 ፀረ እንግዳ አካል የደም ምርመራ ያስፈልግሽ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ።

ከቀጠሮሽ በፊት ዐይንሽ የደበዘዘበትን ወር፣ የቆየበትን ጊዜና እግርሽ የጀመረሽን ቀን በወረቀት ጻፊ። እስከዚያው እግርሽ መሸከም ካቃተው ወይም ሽንትሽ አልወጣ ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።