የአያቴን ስም ማን ቀየረው?

ጥያቄ፦ ጣሊያናዊው አያቴ ከናፖሊ በመርከብ ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1912 ኒው ዮርክ ገቡ። ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። ሻካራ እጃቸው ጉንጬን ሲዳብሰኝ ዛሬም ይሰማኛል። ቤተሰቡ “ስማችንን የቀየረው በኒው ዮርኩ የስደተኞች መቀበያ፣ በኤሊስ ደሴት፣ የነበረው ሹም ነው” ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ ወሬ በብዙ ቤት አለ፤ ግን ልክ አይደለም። ሹሞቹ አዲስ ስም አይጽፉም ነበር። የመርከብ ኩባንያው ያዘጋጀውን የተሳፋሪ መዝገብ ይዘው ነበር የሚጠይቁት። ጣሊያንኛ የሚችሉ አስተርጓሚዎችም ነበሩ። ስም የሚለወጠው ባብዛኛው በኋላ ነው፤ ሥራ ቦታ፣ ትምህርት ቤት ወይም ዜግነት ሲጠየቅ። ስለዚህ መዝገቡን በጣሊያንኛው ስም ፈልጊ። በ1912 መዝገብ ላይ የትውልድ ቦታም ይጻፍ ነበር። የዜግነት ማመልከቻቸውንም እንዳትረሺ። ካገኘሽው፣ ያ ሻካራ እጅ የፈረመውን ታያለሽ።