ለዶሮ ወጥ የትኛው ሪዝሊንግ?

ስለ ጀርመኑ ነጭ ወይን ስለ ሪዝሊንግ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ከተደጋገሙት ጥቂቶቹን እነሆ።

ጥያቄ፦ ለዓሣ ብዬ አንድ ጠርሙስ ገዛሁ። ስቀምሰው ጣፋጭ ሆነብኝ። ሪዝሊንግ ሁሉ እንዲህ ነው እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። ጠርሙሱ ላይ "ትሮከን" የሚል ይፈልጉ፤ ደረቅ ማለት ነው። በሕጉ መሠረት ትሮከን የተባለ ወይን በሊትር ከ9 ግራም በላይ ስኳር ሊኖረው አይችልም። ጽሑፉ ግራ ካጋባዎት የአልኮል መጠኑን ይዩ። አልኮሉን የሚሠራው እርሾው ነው፤ የሚሠራውም የወይኑን ስኳር እየበላ ነው። 8 ወይም 9 በመቶ ካለ ያልተበላ ስኳር ቀርቷል፣ ይጣፍጣል። 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። "ካቢኔት" እና "ሽፔትሌዘ" የሚሉት ቃላት ግን ፍሬው ሲለቀም ምን ያህል እንደበሰለ ነው የሚናገሩት፤ ወይኑ መጣፈጡን አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ለፋሲካ ጎረቤቶቼን ዶሮ ወጥ ልጋብዝ አስቤያለሁ። ቀይ ወይን ይሻላል ነጭ?

መልስ፦ ነጭ፣ ያውም ትንሽ የሚጣፍጠውን! ጥያቄሽን በጣም ወድጄዋለሁ እህቴ። ቀይ ወይን አፍ የሚይዝ ነገር አለው፤ ከበርበሬ ጋር ሲገናኝ ይመርራል። አልኮሉ ከፍ ያለ ወይን ደግሞ ቃጠሎውን ያባብሰዋል። ከጀርመኑ ሞዘል ወንዝ ዳር የሚመጣው፣ ትሮከን ያልተጻፈበት ካቢኔት ግን አልኮሉ ዝቅ ያለ ነው። ጣፋጭነቱ በርበሬውን ያበርዳል፣ ኮምጠጥ ማለቱ ደግሞ ቅቤውን ከምላስ ላይ ያጥባል። ቁሌቱንም አስቢው። ሽንኩርቱ ብዙ ሰዓት ሲቁላላ ራሱ ይጣፍጣል፤ አጠገቡ በጣም ደረቅ ወይን ሲቀርብ ኮምጣጤ ይመስላል። አባቶቻችን ዶሮ ወጥን በጠጅ ያወራረዱት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። እኔ ባለፈው ገና ሞክሬዋለሁ። አንድ ጉርሻ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ፉት። ቃጠሎው በረድ ሲል የኮረሪማው ሽታ ብቻውን ቀረ።

ጥያቄ፦ ከክትፎ ጋርስ?

መልስ፦ ሚጥሚጣው ከበዛ ያው ካቢኔት። ቀለል ካለ ትሮከን።

ጥያቄ፦ የቆየ ሪዝሊንግ ከፈትኩ። ሽታው ላምባ ላምባ ይላል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ እንዳይደፉት! ያረጀ ሪዝሊንግ አንዱ መለያው ይሄ ነው። ፍሬው ብዙ ፀሐይ ሲያገኝ ሽታው ይጠነክራል፣ ጠርሙስ ውስጥ ዓመት በቆጠረ ቁጥርም ይጎላል። ከዳክዬ ጥብስ ጋር ይሞክሩት። የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ግን ቡሹ አበላሽቶታል ማለት ነው፤ ወደ ገዙበት ይመልሱት።

ጥያቄ፦ የአንዳንዱ ሪዝሊንግ ዋጋ ለምን ይወደዳል?

መልስ፦ ሞዘል ወንዝ ዳር፣ ብሬም ከምትባል መንደር አጠገብ፣ ካልሞንት የሚሉት የወይን ተዳፋት አለ። እስከ 65 ዲግሪ ያዘነብላል። ሰው እንኳን ቆሞ መሥራት ይቸግረዋል፤ ስለዚህ መግረዙም መልቀሙም በእጅ ነው። መሬቱ ንጣፍ ንጣፍ ጥቁር ድንጋይ ነው። ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ለወይኑ ይመልስለታል። በዚያ ብርድ አገር ፍሬው የሚበስለው አንድም በዚህ ነው። ይህን ሳስብ ዋጋው አይበዛብኝም።

ጥያቄ፦ ጀርመኖቹ ራሳቸው ከምን ጋር ይጠጡታል?

መልስ፦ ከወንዝ ዓሣ ጋር፣ በተለይ በቅቤ ከተጠበሰ ትራውት ጋር። በጸደይ ደግሞ ነጭ አስፓራገስ የሚባል አትክልት አለ፤ በልማድ እስከ ጁን 24 ነው የሚበላው። ከድንችና ከቅቤ ስጎ ጋር ይቀርባል። ለእሱ ግን እኔ ከሪዝሊንግ ይልቅ ዚልቫነር የሚባለውን ሌላ ነጭ ወይን፣ ፍራንከን ከተባለው የጀርመን አካባቢ የሚመጣውን፣ እመርጣለሁ፤ ጠፍጣፋ ክብ ጠርሙስ ውስጥ የሚሸጠውን። ኮምጣጣነቱ ለስለስ ይላል።

ጥያቄ፦ ምን ያህል ይቀዝቅዝ?

መልስ፦ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ። ፍሪጅ ውስጥ አሳድረውት ከሆነ ከመቅዳትዎ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ውጭ ያቆዩት። በረዶ አይጨምሩበት፤ ሽታውን ያጠፋዋል።